ሾፌሩ የሸጠው ሰዓት

እጄን ሳወጣ ሊቀ መንበራችን መነጽሩን ያወልቃል። ያወልቅና በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል፤ አንዱን መስታወት፣ ከዚያ ሌላውን፣ የኔ እጅ ዝሎ እስኪወርድ ድረስ። ሲወርድ መልሶ ያጠልቀውና «ሌላ አስተያየት ያለው?» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ እጅ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። የኔ እጅ እጅ አልመሰለውም እንጂ።

ለማያውቅ ልንገር። የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ማኅበር አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቀለም መሸጫው ሱቅ በላይ ባለው አዳራሽ እንገናኛለን። አዳራሽ ይባል እንጂ ሰፋ ያለ ክፍል ነው፤ ከታች የሚወጣው የቀለም ሽታ ራስ ያዞራል፤ አንዳንዱ አባል የሚናገረውን ስሰማ ሽታው ነው እላለሁ። ቴምብር የሚሰበስብ አለ፣ ሳንቲም የሚሰበስብ አለ፣ ሬዲዮ፣ ብዕር፣ የግድግዳ ሰዓት። የሰዓቶቹ ሰዎች የማኅበሩ መኳንንት ናቸው፤ ከፊት ይቀመጣሉ፣ ሲያስነጥሱም በወግ ነው። እኔ የክብሪት ቀፎ ነው የምሰበስበው። ባዶ ቀፎ፣ ላዩ ላይ ሥዕል ያለው፤ ዶሮ፣ መርከብ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት። ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከነዚሁ ቀፎዎች ላይ ነው። ስሜን ሁሉም ረስቶ «እማማ ክብሪት» ይለኛል። ይበሉ። መጥፎ ስም አይደለም።

እርስ በርሳችን እንሸጣለን፣ እንገዛለን። ሰብሳቢ ሲገዛ ሙሽራ ነው፤ ሲከፍል ግን ለቀስተኛ። «ተሰብሮ ደረሰኝ» ይላል አንዱ፤ «ደህና አድርጌ ነው የላክሁት» ይላል ሌላው። «በወሩ መጨረሻ እከፍላለሁ» የሚልም አለ፤ የትኛው ወር እንደሆነ ግን አይናገርም። ድሮ እንዲህ ያለውን የሚያይ ኮሚቴ ነበር። ኮሚቴው ራሱ በአንድ የቀለም ብዕር ሒሳብ እርስ በርሱ ተጣልቶ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ትንንሹ ጠብ ሁሉ ባለቤት አጣና እየተንከባለለ እኔ እግር ሥር ይቆም ጀመር። ማንም አልሾመኝም። ኋላ ወንበር ላይ ስለምቀመጥ፣ ተኳርፎ ወደ በሩ የሚሄድ ሁሉ በኔ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እጁን ይዤ «ና እስቲ፣ ምን ሆነህ ነው?» እለዋለሁ። በዚያው ሥራ ሆኖ ቀረ።

የኔ ደንብ አጭር ነው። በአዳራሽ አልሰማም። ሰው በስብሰባ መሃል ሲናገር የሚናገረው ለጭብጨባ ነው። ዕቃው የወጣበት ቤት እሄዳለሁ፣ ዕቃው የገባበት ቤት እሄዳለሁ፤ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንዴ ልብስ ሰፊዋ «ሬዲዮኑ ድምፅ የለውም» ብላ የቀረውን ክፍያ ከለከለች። ቤቷ ብሄድ ሬዲዮኑን ከስፌት ማሽኗ ጎን ሰክታዋለች! ያ ማሽን ሲንጫጫ እንኳን ሬዲዮ የሰፈር ጠብም አይሰማ። አስነስቼ መኝታ ቤት አስቀመጥኩት፤ በዚያው ዕለት ከፈለች። ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ላይ «ሁለቱ ወገኖች ተስማምተዋል» አለ። በራሳቸው ጊዜ ተስማምተው ይመስል።

የሾፌሩ ነገር ግን እንደዚያ የዋዛ አልነበረም።

ሾፌሩ የምለው ጡረታ የወጣ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፤ አሁን ቤቱን ለቆ ልጁ ዘንድ ወዳለች አንዲት ክፍል ሊገባ ስለሆነ ዕቃውን እየቀነሰ ነው። የሚሸጠውን ለኛ ይሸጣል። ግን ለሽያጭ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ከኛ በቀር የሚያወራው ሰው የለውም። ቅዳሜ ማንም ሳይደርስ ደርሶ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል።

ትልቁን የግድግዳ ሰዓት ከሰዓቶቹ ሰዎች አንዱ ለሆነው ለጥርስ ሐኪሙ ሸጠለት። የማኅበራችን ወግ እንዲህ ነው፤ ውድ ዕቃ ከሆነ እኩሌታው ዕቃው ሲነሳ ይከፈላል፣ እኩሌታው ገዢው ቤቱ ወስዶ አንድ ሳምንት ካየው በኋላ። ጥርስ ሐኪሙ የመጀመሪያውን ከፈለ፣ ሰዓቱን ወሰደ፣ ሰቀለ። ሳምንቱ ሲያልቅ የቀረውን በመክፈል ፈንታ፣ ሁላችንም ባለንበት የስልክ ቡድን ላይ እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ «የሞተ ሰዓት ሸጦልኛል። ይህ ሰው አታላይ ነው። ሌሎቻችሁም ተጠንቀቁ።»

አታላይ! በሽምግልናው።

በደንባችን እንዲህ ያለ ክስ የቀረበበት ሰው፣ ነገሩ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ካልተቋጨ ከማኅበሩ ይሰረዛል። ስሙም የሌላ ከተማ ማኅበራት ዘንድ ይላካል። ከዚያ በኋላ ከሱ መርፌ የሚገዛ የለም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀውም ሰው የለም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጠብ ሲኖር ይሞላል። ሾፌሩ ቆሞ ኮፍያውን በሁለት እጁ እንደ መሪ ይዞ ያዞረዋል።

«እኔ ቤት አርባ ዓመት ሠርቷል» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

«እኔ ቤት አርባ ደቂቃ አልሠራም» አለ ጥርስ ሐኪሙ። ፊት ያሉት ሳቁለት።

ሊቀ መንበሩ «እንግዲህ ባለን ደንብ መሠረት» ብሎ ሲጀምር፣ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ነገሩን እስከሚቀጥለው ሳምንት እንኳ ሊያቆየው አልፈለገም። እጄን አላወጣሁም። ብድግ አልኩ።

«ለኔ ስጡኝ» አልኩ።

«ምኑን እናታችን?»

«ነገሩን ነዋ! ሰዓቱን ምን ላድርገው!»

ጥርስ ሐኪሙ ዞሮ አየኝና ፈገግ አለ። ጥርሱ እንደሆነ ያምራል፤ ሥራው ስለሆነ። «እማማ፣ ይሄ እኮ የክብሪት ቀፎ አይደለም። ለመሆኑ ሰዓት ማየት ይችላሉ?»

«ምሳ ሰዓት ሲደርስ ያለ ሰዓት አውቃለሁ» አልኩት። «አንተ ይሄን ሁሉ ሰዓት ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ዛሬም አርፍደህ ነው የመጣኸው።»

አሁን የሳቁት ኋላ ያሉት ናቸው፤ ኋላ ያለነው ደግሞ እንበዛለን። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «ይሁን። እስከ ቅዳሜ ከቋጩት ይቋጩት። ካልሆነ ግን ሾፌሩ ይሰረዛል፣ ሌላ ቀጠሮ የለም።» ያለኝ አምኖኝ አይደለም። እንድቀመጥለት ነው።

ልጄ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ እሷን ብትጠይቁ እኔ ነኝ ከሷ ጋር የምኖረው። ነገሩን ስነግራት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጀመረችኝ።

«እማዬ፣ አንቺን ምን አገባሽ?»

«አገባኝ።»

«ነገ ጥርስሽን ሲያምሽ ወደማን ልትሄጂ ነው?»

«የቀሩኝ ሁለት ናቸው፤ ቢያሙኝስ ምን ያደርጉኛል።»

«ካልሆነልሽ ይስቁብሻል እኮ!»

«አሁን የሚያደርጉት ምን ይመስልሻል?»

ራሷን ነቀነቀች። ግን በማግስቱ ስወጣ ጃንጥላዬን አምጥታ እጄ ላይ አስያዘችኝ። ልጄ እንዲህ ናት፤ አፏ ይከለክላል፣ እጇ ይረዳል።

መጀመሪያ ሾፌሩ ቤት ሄድኩ። የቤቱ ግማሽ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። የቀረው አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ኩባያ ነው። ሻይ አፈላና ኩባያውን ለኔ ሰጠኝ፤ እሱ የስኳሩን ቆርቆሮ ገልብጦ በዚያ ጠጣ።

«እትዬ፣ ምን ሊያዩ መጡ? ሰዓቱ እኮ የለም።»

«የነበረበትን አሳየኛ።»

ግድግዳው ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ሰዓቱ የተነሳበት ቦታ ግን ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ራስጌው ሾጠጥ ያለ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ልክ የሰዓቱን ቅርፅ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ሻዬን ፉት እያልኩ አየሁት፣ አየሁት። ቆይቼ አንገቴን ወደ አንድ ጎን ዘሞ አገኘሁት።

«ይሄ ነገር ዘንበል ብሏል» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሰዓቱ የነበረበት። ወደ ግራ ዘንበል ብሏል።»

«አላለም።»

«ናና እዚህ ቁጭ ብለህ እይ።»

«አልመጣም!» ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሚስቴ ናት የሰቀለችው። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። አልጋው ላይ ቆማ፣ ብቻዋን፣ ሚስማሩን በጫማ ተረከዝ መትታ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ በገባሁ ቁጥር በሩን ስከፍት መጀመሪያ የምሰማው እሱን ነው። አሁን ዘንበል ብሏል ነው የሚሉኝ?»

«ሚስትህን አልተናገርኩ። ግድግዳውን ነው ያየሁት።»

«ሚስቴ የሰቀለችው ቀጥ ያለ ነው!»

ጮኸብኝ። ከዚያ በራሱ ጩኸት ደንግጦ መሬት መሬት ያይ ጀመር። አንጀቴን በላው። ግን አላባበልኩትም፤ እንዲህ ያለውን ሰው አይዞህ ካሉት ያነባል፣ ካነባ ደግሞ ሁለተኛ ዓይንሽን አያሳየኝ ይላል። «ሻይህ ስኳር አንሶታል» አልኩትና ወጣሁ።

ጥርስ ሐኪሙ ቤት በር ላይ ጫማ አስወለቀኝ። ወለሉ መልክ ያሳያል። ሳሎኑ ውስጥ ሰዓቶቹ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ አንዱ ካንዱ የፀጉር ያህል አይበልጥም። እንዴት እንዲህ ልክ እንደሰቀላቸው ስጠይቀው ደስ ብሎት ውሃ ልኩን አወጣ፤ ያቺን ግንበኛ የሚይዛትን፣ መሃሏ ላይ አረፋ የምትዋኝባትን። ግንበኛ ኪሱ ውስጥ ከሲጋራ ጋር ይወሽቃታል፤ እሱ በከፋይ ጨርቅ ከተሰፋ ማኅደር ነው ያወጣት።

የሾፌሩ ሰዓት መሃል ላይ፣ ከሁሉም በከበረው ቦታ ላይ ተሰቅሏል። ቆሟል።

«ይመልከቱ» አለ። ቁልፉን አዙሮ ሞላው፣ ከታች የሚወዛወዘውን ናስ በጣቱ ገፋ አደረገው። ቀጭ፣ ቋ። ቀጭ፣ ቋ። አንካሳ ደረጃ ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፤ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር። ጥቂት እንደሄደ ደከመውና ቆመ።

«አዩት? ሬሳ ነው።»

«ሬሳ ከሆነ ምነው መሃል ሳሎን ላይ ሰቀልከው?»

ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«እስቲ እግሩን ገፋ አድርግና ወደ ግራ አዘንብለው» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ወደ ግራ ይዘንበል።»

«እማማ፣ እዚህ ቤት ጠማማ ነገር አይሰቀልም።»

«ታዲያ አንተ በየት ነው የምትገባው?»

አልሳቀም። ጃንጥላዬን አነሳሁና በጫፏ የሰዓቱን እግር ገፋ አደረግሁት። «ኧረ እማማ!» ብሎ እጄን ሊይዝ ተወረወረ፤ ከዚያ ባለበት ደርቆ ቀረ። ናሱ መወዛወዝ ጀምሯል። ድምፁ ተቀይሯል። እኩል፣ ረጋ ያለ፣ ምንም የማይሰናከል፤ ሰፊ ሜዳ ላይ የሚራመድ ጎልማሳ ይመስላል።

እኔ ስለ ሰዓት አንዳች አላውቅም። ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ዓይቼም አላውቅም። ግን እኔ ራሴ በግራ ጎኔ ተኝቼ የለመድኩ ነኝ፤ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ በቀኝ ቢያስተኙኝ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ሰዓቱም አርባ ዓመት የለመደው ጎን ይኖረዋል ብዬ ነው።

ዞሬ ጥርስ ሐኪሙን አየሁት። ለሰው ሁሉ አፍህን ክፈት ሲል የሚውል ሰው የራሱን መዝጋት ረስቷል። ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚያዳምጠው።

«ይኸው ሠራ» አልኩ። «የቀረውን ክፈልና ቃልህን አንሳ።»

ወዲያው ወደ ልቡ ተመለሰ። ልብሱን አስተካከለ። «ይሄማ ጉድለት ነው እማማ። ካልጠመመ የማይሄድ ሰዓት ጉድለት ያለበት ሰዓት ነው። ጉድለቱን ደብቆ ሸጠልኝ። ከቀረው ግማሹን እንኳ ብከፍል ለእርስዎ ሽበት ብዬ ነው።»

«ሽበቴን ተወው፣ ዋጋ አልወጣለትም» ብዬው ወጣሁ።

ወደ ሾፌሩ ተመለስኩ። «ሰዓቱ ሠራ፤ ግን ትንሽ ብትቀንስለትስ?» አልኩት። «ከተስማማነው ሽራፊ አልቀንስም» አለ። «ከቀነስኩ አታልዬ ነበር ማለት ነው።» ክፉኛ ደረቅ ነው፤ ግን ውሸት አልተናገረም።

እንግዲህ አስቡት። ማንም እንዳልዋሸ ታወቀ፤ ሰዓቱም ጤነኛ እንደሆነ ታወቀ። ጠቡ ግን ንቅንቅ አላለም! ጭራሽ ባሰበት። አንዱ ቤቱ ጠማማ ነገር አይሰቀልም፤ አንዱ ሚስቱ ጠማማ ነገር አልሰቀለችም። ሁለት ግትር ወንድ መሃል ቆሜ ጃንጥላዬን ብቻ ይዤ ቀረሁ። ቅዳሜ ደግሞ እየመጣ ነው።

አርብ ከሰዓት ልጄ ዕረፍት ነበረች፤ ቤት ስታጸዳ እኔ ጥግ ይዤ ተክዣለሁ። ከአልጋዬ ሥር አንዲት የተጨፈለቀች ቀፎ ጠርጋ አወጣች። መርከብ ያለባት ናት፤ እንደሷ ያለ ሦስት አለኝ፣ ይቺኛዋ መኖሯንም ረስቼዋለሁ።

«ይሄን ልጣለው?»

«ጣዪው።»

«ወይስ ለጎረቤታችን ልስጣት? ባለፈው መርከቡን አይታ ወዳዋለች።»

«ለማን?! አምጪ!» ብዬ ከእጇ መነጨቅኋት።

ልጄ መጥረጊያዋን ተደግፋ አየችኝ። «አሁን ጣዪው አላልሽም?»

ቀፎዋን ደረቴ ላይ ይዤ ቀረሁ። እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ሰው ሊወስድብኝ ነው ብዬ እንደ ሕፃን። ከዚያ ሳቄ መጣ። ልጄ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ እኔ ነጠላ ጫማዬን ተጫምቼ ከቤት ወጥቻለሁ።

ጥርስ ሐኪሙን በስልክ «ነገ ሰዓቱን ይዘህ ና» አልኩት። ሾፌሩን ግን ቤቱ ሄጄ ነው የነገርኩት።

«እሱ የሰጠህን ገንዘብ ነገ ይዘህ ና። ያልነካኸው ከሆነ ከነፖስታው።»

«አልነካሁትም። ግን ከመለስኩለት አታልያለሁ ብዬ አመንኩ ማለት እኮ ነው!»

«ካላመጣህ ትሰረዛለህ።»

«ካመጣሁስ?»

«እሱን እኔም አላውቅ።»

አየኝ። «እትዬ፣ ሰው ሲያጽናኑ እንዲህ ነው?»

«ላጽናናህ አልመጣሁም። ፖስታውን እንዳትረሳ።»

ቅዳሜ ጥርስ ሐኪሙ ሰዓቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጣ። ደረጃው ላይ ሊያግዘው የፈለገውን ሁሉ «ተው! ተው!» እያለ ብቻውን ወጣ። ይሄን ሳይ ልቤ ትንሽ ረጋ አለ። የቀን መቁጠሪያው የተሰቀለበትን ሚስማር አስለቅቄ ሰዓቱን አሰቀልኩት። ከዚያ ሁሉም እያየ በጃንጥላዬ ጫፍ ወደ ግራ አዘነበልኩት።

ሰዓቱ ሄደ። ድምፁ አዳራሹን ሞላው፤ ፊት ያሉትም ኋላ ያሉትም ወሬያቸውን አቆሙ።

«ሽያጩ ፈርሷል» አልኩ።

«ምን?» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

ሾፌሩ ተነስቶ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔም ወደ ጥርስ ሐኪሙ ገፋ አደረግሁት።

«ይኸውልህ የከፈልከው። ሰዓቱ ለባለቤቱ ተመልሷል፣ ያንተም ለአንተ። ሬሳህን ገላገልንህ።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞርኩ። «ባለቤቱ እንደገና ይሸጠዋል። ኋላ ተደበቀን የሚል እንዳይኖር ጉድለቱን በግልጽ እናገራለሁ። ይህ ሰዓት ዘንበል ካላለ አይሄድም። ከነጉድለቱ፣ ሐኪሙ በተስማማበት ዋጋ ማን ይገዛል?»

አንድም እጅ አልወጣም።

ያኔ ፈራሁ፤ አልዋሽም። የወንበር መደገፊያ ያዝኩ። አንድ እጅ ካልወጣ ሾፌሩ ገንዘቡንም መለሰ፣ ሰዓቱንም ተሸክሞ ሄደ፣ አታላይ የሚለውም ስም እስከ መቃብሩ ተከተለው ማለት ነው። ይሄን ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሾፌሩ አላየኝም። የሚያየው ሰዓቱን ነው።

«እኔ» አለ ከኋላ ፀጉር አስተካካዩ። «የኔ ሱቅ ግድግዳው ራሱ ጠማማ ነው፤ ልክ ነው የሚገጥመው።»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳያልቅ ልብስ ሰፊዋ እጇን አወጣች። «እኔ ጨምሬ እገዛለሁ።»

«ሬዲዮንሽን መች ሰማሽና!» አላት ፀጉር አስተካካዩ። «እኔ ከሷም እጨምራለሁ!»

«ድምፁን እኮ ስሙት» አለ አንዱ የሰዓት ሰው ከፊት፤ እሱም ተነሳ። «እንዲህ ያለ ድምፅ አሁን የት ይገኛል? እኔም አለሁበት።» ሊቀ መንበሩ ጸጥታ ለማስከበር ጠረጴዛ ይመታል፤ ማን ይስማው። የገበያ ቀን መሰለ።

ጥርስ ሐኪሙ መጀመሪያ ፖስታውን አየ፤ ከዚያ ሰዉን አየ፤ ከዚያ ወንበሩን ገፍትሮ ተነሳና ሰዓቱ ፊት ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። የሚያምረው ከረቫቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል።

«አይቻልም! የኔ ነው!»

«ያንተማ ሬሳ ነበር» አልኩት። «ይሄ ይተነፍሳል።»

«እኩሌታውን ከፍዬበታለሁ!»

«ፖስታው ውስጥ አለልህ።»

«ፖስታውን አልፈልግም! የቀረውንም እከፍላለሁ፤ አሁን፣ እዚሁ!» ስልኩን አወጣ።

«ኧረ እኛ ጨምረን እንከፍላለን ብለናል!» ጮኸ ፀጉር አስተካካዩ። «ወረፋ ያዝ ዶክተር!»

ነገሩ የባለቤቱ ነው። ወደ ሾፌሩ ዞርኩ። «ለማን ትሸጣለህ?» አልኩት። በልቤ ለጨመረው ስጥና አሳርረው እያልኩ ነው። ማንም እኔን ቢሆን ያሳርረዋል።

ሾፌሩ ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አነሳ፣ ተነሳ። «እኔ መጀመሪያ የተስማማሁት ከሱ ጋር ነው» አለ። «በተስማማነው ዋጋ ይውሰደው። አንዲት አልጨምርም።» ትንሽ ቆመ። «ግን ሲሰቅለው ሚስቴ እንደሰቀለችው ይስቀለው። ቀጥ አድርጎ።»

ሁላችንም ሰዓቱን አየነው። ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ይሄዳል። ጥርስ ሐኪሙ፣ ያ ውሃ ልኩን በከፋይ የሚጠቀልል ሰው፣ «እሺ፣ ቀጥ አድርጌ እሰቅለዋለሁ» አለ።

ከፈለ። ገንዘቡ ሲገባ የሾፌሩ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ ፖስታውንም መልሰን አስያዝነው። ጭብጨባው የዚያን ጊዜ ነው የመጣው። አታላይ የተባለ ሰው ከፍ ያለ ዋጋ ፊቱ ቆሞ ሲለምነው እምቢ ሲል ያየ አዳራሽ ነውና፣ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ አጨበጨበ፤ የቀለም ሱቁ ሰውዬ ምን ወደቀ ብሎ ከታች ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ የሾፌሩን ትከሻ እየደበደበ «ና ሱቄ፣ በነፃ ነው የምላጭህ!» ይለዋል። ልብስ ሰፊዋ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። እኔም አልተግደረደርኩም፤ ሌላኛውንም ጉንጬን ሰጠኋት። ይገባኛል።

ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ክፍያው በመፈጸሙ ክሱ ተዘግቷል። ወደሚቀጥለው...»

«አልተዘጋም» አልኩ።

ጥርስ ሐኪሙ ሰዓቱን አውርዶ በብርድ ልብሱ እየጠቀለለ ነበር። «እማማ፣ ከፈልኩ እኮ!»

«የሰዓቱን ከፈልክ። የሰውየው ስም ገና አልተከፈለም።»

«መልእክቱን አጠፋዋለሁ። ይኸው፣ አጠፋሁት።»

«ከስልክህ ጠፋ። እኛ ግን አንብበነዋል።»

«እሺ፣ ቤት ስገባ ይቅርታ ብዬ እጽፋለሁ። ረጅም አድርጌ እጽፋለሁ።» ሰዓቱን ታቅፎ ወደ በሩ አቀና።

ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። አጭር ነኝ፤ ግን በሩም ጠባብ ነው።

«ትጽፋለህ፤ እሱ የኋላ ነው» አልኩት። «አሁን ሰዓቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጥ። ስልክህንም ኪስህ ክተት። ሰውየው ይኸው፤ አታላይ ስትለው ያነበብንም ሁላችን እዚሁ ነን። ፊቱ ቁምና አታላይ እንዳልሆነ በገዛ አፍህ ንገረው። ጮክ በል ደግሞ፤ ኋላ የተቀመጡትም ይስሙ።»